በልጄ ፈንታ ስመልስ

ልጄ ሦስት ዓመት ሲሞላት የነበሯት ቃላት በሁለት እጆቼ ጣቶች ተቆጥረው አንድ ጣት ይተርፈኝ ነበር። የኔን ቃላት ግን ቆጥሮ የሚዘልቅ አይገኝም። ወሎ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ አድጌ፣ አሁን ሆላንድ፣ ሮተርዳም አጠገብ ባለችው ቭላርዲንገን የምኖር፣ ቀኑን ሙሉ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞርኩ የምረዳ ሴት ነኝ፤ ወሬ እወዳለሁ። ባለቤቴ "አንቺ ዝም ያልሽ ቀን ሐኪም መጥራት ነው" ይለኛል። እንዲህ ዓይነቷ ወሬኛ፣ ልጇ እንደማትናገር ያወቀችው ከሰው ሁሉ ኋላ ነው።

ለምን እንደሆነ ልናገር። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ልጅን ሲጠይቅ የምትመልሰው እናት ናት። "እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ?" ይላሉ። "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ በያቸው" እላለሁ። ልጄ አንገቷን ትደፋለች፣ እኔም "ዓይን አፋር ናት" ብዬ እዘጋዋለሁ። ምግብ ሲቀርብላትም "በልታ ነው የመጣችው" የምለው እኔ ነኝ። መብላት አለመብላቷ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰው ቤት ገና ከመቀመጡ ለምግብ እጁን የሚዘረጋ ልጅ እናቱን ያሰድባል። በዚህ መንገድ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ እሷ መለስኩ። ጎበዝ ስለነበርኩ ማንም ልብ አላለም፣ እኔን ራሴን ጨምሮ።

መጀመሪያ ያወቀችብኝ ኮንሱልታቲቡሮ በሚሉት የሕፃናት ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት። ልጄን ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት፤ ሁለቴም መለስኩ። በሦስተኛው እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "እስቲ እሷ ትመልስ" አለችኝ። ልጄ ወለሉ ላይ ያለውን የእንጨት ባቡር ታያለች፣ ነርሷ ልጄን ታያለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። ከዚያ የጆሮ ምርመራ ታዘዘላት። ጆሮዋ ከኔ ጆሮ የተሻለ ነው ተባለ። ጤነኛ ጆሮ ያላትና ነገር የሚገባት ልጅ ቃል ሲከብዳት እዚህ አገር የሚጠረጥሩት አንድ ነገር አለ፤ ቴኦኤስ ይሉታል። የቋንቋ እድገት ችግር ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ እናቱም አላጠፋችም፤ ሌላው ልጅ እግረ መንገዱን የሚለቅመውን ቋንቋ እሱ አንድ በአንድ መማር አለበት። ነርሷ ይህን በደንብ አስረዳችኝ። እኔ ግን የሰማሁት "እናቱም አላጠፋችም" የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱንም አላመንኩም።

ዴን ሃግ በምትባለው ከተማ የሚኖሩት የባለቤቴ አጎት እዚህ አገር ለኛ አባት ናቸው። ሰው ሲጋባም ሲጣላም እሳቸው ዘንድ ነው የሚኬደው። ስልክ ደውዬ አለቀስኩላቸው።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "አባቷም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው። ሁለት ቋንቋ ጭናችሁባት ነው። ሆላንድኛ ብቻ አድርጉት፣ ይለቃታል።"

እሺ ብለን አማርኛን ከቤታችን አስወጣነው። የኔ ሆላንድኛ የሥራ ሆላንድኛ ነው፦ መድኃኒትሽን ወስደሻል? እግርሽን ቀና አድርጊ፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ልጄን በዚህ ማሳደግ ጀመርኩ። ወደብ ላይ ዕቃ የሚያነሳው ባለቤቴ ደግሞ የሚያውቀው የማሽንና የአለቃ ሆላንድኛ ስለሆነ ጭራሽ ዝም አለ። ወሬ የማይጠፋበት ቤታችን የጥርስ ሐኪም ተራ መጠበቂያ ክፍል መሰለ።

ሮተርዳም ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት እንደ ልጄ ያሉ ሕፃናትን ብቻ የሚቀበል ቡድን አለ። በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት ልጆቹ እየተጫወቱ፣ ሥራቸው ይህ ብቻ የሆነ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ቋንቋ ያለማምዷቸዋል። ትምህርት ቤት የሚጀምሩበት ዕድሜ፣ እዚህ አገር አራት ዓመት፣ ከደረሰ ግን በሩ ይዘጋል። እዚያ ለመግባት መመርመር ነበረባት። ቀጠሮው በሁለት ሳምንት ተያዘ።

ምርመራ ነው ቢሉኝም እኔ ፈተና አድርጌ ያዝኩት። እኛ ያደግነው በፈተና ነው፤ ፈተና ደግሞ ይታለፋል። ከሱፐርማርኬት የማስታወቂያ ወረቀት ላይ የሙዝ፣ የጫማ፣ የኳስ፣ የማንኪያ ሥዕል እየቆረጥኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስጠናኋት። እያለቀሰች አጠናች። በቀኑ ከኋላዋ ተቀምጬ፣ መርማሪዋ ሥዕል ባነሳች ቁጥር ልጄ ወደኔ ዞር ስትል ከንፈሬን አንቀሳቅስላት ነበር። ይህስ ይሁን። ከሁሉ የከፋው በኋላ የሠራሁት ነው። መርማሪዋ በስልክ አስተርጓሚ በኩል "በቤታችሁ ቋንቋ እንዴት ነው የምትናገረው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በአማርኛማ እንደ ወፍ ትንጫጫለች" አልኩ። "ያስቸገራት ሆላንድኛው ብቻ ነው።"

አስተርጓሚው አንዲት ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። እኔ ልጄን ማድነቄ ነበር። እናት ልጇን በሰው ፊት ዝቅ አታደርግም።

ውጤቱ በደብዳቤ መጣ። ባለቤቴ እየተንተባተበ አነበበው፦ በቤት ቋንቋዋ ጥሩ ስለምትናገር ችግሯ የሆላንድኛ ልምድ ማነስ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን በአቅራቢያዋ ካለ የንግግር ባለሙያ ጋር ትለማመድ፣ ለቡድኑ ግን አትሆንም። ለአጎት ደወልኩና "ጋሼ፣ አለፈች!" አልኳቸው። እልልታዬን ጎረቤት ሰማ። ባለቤቴ ደብዳቤውን እያጣጠፈ "ይሄ ማለፍ ነው?" አለ። ነገር አበላሽ ብዬ ተቆጣሁት።

የንግግር ባለሙያዋን፣ እዚህ ሎጎፔዲስት የሚሏትን፣ መጀመሪያ ሳያት ናቅኳት። በዕድሜ ከኔ በብዙ ታንሳለች፤ ዝናብ ያበሰበሰው ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ የብስክሌት ቁልፏን በጥርሷ ይዛ ነው በሩን የከፈተችው። ይቺ ራሷ መቼ አፏን ፈታችና ነው አልኩ በሆዴ። ቁጭ ስትል ደግሞ ወለል ላይ። ልጄ ፊት ክዳኑ የጠበቀ የፕላስቲክ ሣጥን አኖረች፤ ውስጡ ትንንሽ እንስሳት ይታያሉ። ከዚያ ዝም አለች።

ዝም አለች ስል ዝም አለች ማለቴ ነው። ልጄ ሣጥኑን ገለበጠችው፣ ነከሰችው፣ አልከፈት ሲላት ወደ ሴትዮዋ ገፋችው። ሴትዮዋ ቅንድቧን አንስታ በሙሉ ፊቷ ጠበቀቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። መናገር ለማስተማር ተከፍሏት ዝም የምትል ሰው አይቼ አላውቅም። "ክፈቺልኝ በያት!" ብዬ ጮህኩ። ሳትዞር እጇን ከፍ አድርጋ መዳፏን አሳየችኝ፤ ቆይ ማለቷ ነው። እንደገና ጠበቀች። ከዚያ ልጄ የሴትዮዋን አውራ ጣት ይዛ ክዳኑ ላይ አድርጋ "ኦፕ" አለች።

"ኦፕ! ሣጥኑን እንክፈት!" አለች ሴትዮዋ፣ ወርቅ የተሰጣት ያህል ተደስታ። በሆላንድኛ "ኦፐን"፣ ክፈቺ ማለቷ ነው፤ እኔ ያስጠናኋት ቃል አልነበረም። የትም አላስጠናኋትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ለራሴም ባልናገረው፣ ያቺን ወጣት ባለሙያ ማክበር ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት "ከልጅሽ ጋር በየትኛው ቋንቋ ነው የምትስቂው?" አለችኝ። የአጎትን ምክር ነገርኳት። አልሳቀችባቸውም፤ ብዙ ሰው፣ ሐኪም ሳይቀር፣ ድሮ እንዲህ ይል እንደነበር ነገረችኝ። "ልጅሽ የምትፈልገው እናቷ ሀብታም የሆነችበትን ቋንቋ ነው" አለች። "በሆላንድኛ ድሃ ነሽ፤ እሱን ለኔ ተዪልኝ።" ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላው ነበር። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሽንኩርቱን፣ ቢላዋውን፣ ዝናቡን፣ ባለቤቴ የጣለውን ካልሲ፣ ሁሉንም በአማርኛ አወራሁላት። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ አገኘሁት። "ተመለስሽ?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ግን ውሸቴ ደብዳቤው ላይ ተቀምጧል። የንግግር ባለሙያዋም በየሳምንቱ ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር እየጻፈች ግንባሯን ትቋጥራለች። ልጄ ትንሽ ትራመዳለች፣ ትቆማለች። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለእሷ የሚበቃ አልነበረም፤ ይህን እኔም አይቼዋለሁ፣ ሴትዮዋም አይታዋለች። "በአማርኛስ አዲስ ነገር አለ?" ትለኛለች። "በአማርኛ ደህና ናት" እላለሁ። አንድ ጊዜ የተናገሩት ውሸት ልጅ እንደማሳደግ ነው፤ በየቀኑ ማብላት ይጠይቃል።

በአራተኛው ወር "ዛሬ አንቺና እሷ ተጫወቱ፣ እኔ በስልኬ ልቅረጻችሁ" አለች። የአሻንጉሊት ወጥ ቤት አቀረበችልን። ሲቀርጹኝ ጎበዝ እናት መሆኔን ለማሳየት ያለ የሌለ አቅሜን አወጣሁ። እንዲህ አድርጊ፣ ይሄ ምንድነው፣ ድስት ነው አይደል፣ ድስት በይ፣ እማ ሻይ ትፈልጋለች፣ ስኳር ጨምሪ፣ ጎበዝ። አምስት ደቂቃ። ላብ በላብ ሆንኩ።

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ። መጀመሪያ በድምፅ፤ ኮራሁ። ቀጥላ ድምፁን አጥፍታ ከመጀመሪያው ጀመረችው። "አሁን የልጅሽን አፍ ብቻ እዪ" አለችኝ።

አየሁ። ልጄ ድስቷን ይዛ ቀና አለች፣ ከንፈሯ ተከፈተ፣ አገጯ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የኔ እጅ ከጎን መጥቶ ስኳሩን አቀበላት፤ አፏ ተዘጋ። ወደ መስኮቱ አመለከተች፣ አፏ ተከፈተ። የኔ ፊት ገባ፣ አፌ ይንቀሳቀሳል፤ አፏ ተዘጋ። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተች። ለሦስተኛ ጊዜ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልከፈተችውም።

ቤታቸው እየሄድኩ ከምረዳቸው መካከል አንዲት የሰማንያ ዓመት ባልቴት አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሹራባቸውን ቁልፍ ራሳቸው እስኪቆልፉ እጄን አጣምሬ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ የሥራው ሕግ ነው፣ ሰው የሚችለውን አትቀማው ይላል። ለሰው እናት ያለኝን ትዕግሥት ለልጄ ነፍጌያታለሁ። ይህ ሲገባኝ እዚያው ትንሿ ወንበር ላይ ተንሰቀሰቅኩ።

"ዋሽቻለሁ" አልኳት። "በአማርኛም የላትም። ምርመራው ላይ እንደ ወፍ ትንጫጫለች ብያለሁ። ምንም የላትም።"

ሴትዮዋ አልደነገጠችም፣ አይዞሽም አላለችም። ልጄን እንደምትጠብቃት ጠበቀችኝ። ዝምታው ሲረዝም ቀሪው ሁሉ ወጣ፤ የማስታወቂያው ወረቀት፣ ከንፈሬን ማንቀሳቀሴ፣ እልልታው። ጨርሼ አፍንጫዬን ስጠርግ "ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አለች። "አሁን ደብዳቤ መጻፍ እችላለሁ።" እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እውነት ግን ያደረችበት አራት ወር ከልጄ ጊዜ ላይ የተቀነሰ ነው። ትምህርት ቤት የምትጀምርበት ዕድሜ ቀርቧል፣ የቡድኑ ወረፋ ደግሞ ረጅም ነው።

ደብተር ሰጠችኝ። ሰባት ቀን፣ ልጄ በአማርኛ የምትለውን ሁሉ፣ እንዳለችው፣ ሳላቃና እንድጽፍ። ውሃ ስትፈልግ "ዋ"። አባቷ ሲወጣ "አባ የ"። በአራተኛው ቀን በወንዙ ዳር ስንሄድ ትልቅ መርከብ አለፈ፣ "ቡ" አለች። ቀጥሎ ሌላ መጣ፤ "ቡ" አለች። ቆሜ ጻፍኩት። በዚያ መንገድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተመላልሰናል፤ በየቀኑም ብላው ይሆናል፤ እኔ ከበላይዋ እያወራሁ አልሰማኋትም። ተንበርክኬ አቀፍኳት። "አዎ፣ መርከብ" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው ምርመራ ላይ አንዲት አስተርጓሚ በአካል መጣች። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ሁለቱን እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ፣ የሻርፔን ጫፍ ነክሼ። ልጄ ሥዕል ሲነሳ እንደለመደችው ወደኔ ዞረች። ከንፈሬን ትፈልጋለች። በጨርቅ የተደፈነ አፍ አገኘች። ያን ፊቷን እስክሞት አልረሳውም፤ በውሃ መካከል የለቀቅኳት ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ተመልሳ ዞረችና የቻለችውን አለች፣ ያልቻለችውን ዝም አለች። በሁለቱም ቋንቋ ወደቀች። የዋሸሁትንም በአስተርጓሚዋ በኩል በገዛ አፌ ለመርማሪዋ አስተካከልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ አንድ ልጅ ስለለቀቀ ቦታ ተገኝቷል ተባለ። ባለቤቴ የደብዳቤውን ነገር ሊያነሳብኝ መብት ነበረው፤ አላነሳውም። "አለፈች" አለኝ ብቻ፣ እየሳቀ።

ጠዋት ጠዋት ትንሽ አውቶቡስ ከደጃችን ይወስዳታል። ቡድኑን ልጎበኝ የሄድኩ ቀን ስምንት ልጆች ክብ ሠርተው አየሁ። አስተማሪዎቹ ቃል ሲያወጡ በእጃቸውም ያሳያሉ፤ መብላት በእጅ፣ መጠበቅ በእጅ፣ ተራዬ ነው በእጅ። ምላስ እስኪደርስ እጅ ቀድሞ ይሄዳል። አንድ ልጅ "ጃኬት" ለማለት ሁለት ደቂቃ ሲፈጅ ሰባቱ ልጆች ቁጭ ብለው ሲጠብቁት አየሁ። በሕይወቴ ብዙ ጨዋ ጉባኤ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ መደማመጥ ግን አላየሁም። እዚያ ለሚሠሩት ሰዎች አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ። የብስክሌቷን ልጅ፣ ሎጎፔዲስቷን፣ ለማመስገን ዳቦ ደፍቼ ይዤላት ሄድኩ። በልቼ ነው የመጣሁት አላለችም፤ እዚያው ቆርሳ በላች።

በዚያው ዓመት ኢድ ዕለት ዴን ሃግ አጎት ቤት ሄድን። ልጄ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ በባቡሩ መስኮት የምታየውን ሁሉ በእጇም በአፏም ስትነግረን ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ትልልቆቹ ሶፋ ላይ፣ እኛ ምንጣፍ ላይ። አጎት ልጄን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ነይ እስቲ የኔ ንግሥት" አሉና የተምርና የሳምቡሳ ሳህን ወደሷ ገፋ አደረጉ። "ምን ይሰጥሽ?"

"በልታ ነው የመጣችው፣ ጋሼ" አልኩ። ከአፌ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ሁሉ ተምሬ፣ ያን ሁሉ አልቅሼ።

ልጄ ወደኔ ዞረች። አልተቆጣችም። እጇን አንስታ ትንሿን መዳፏን አሳየችኝ፤ ቆይ። ባለቤቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገው። አጎት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ማንንም ጠብቀው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መዳፏን አዩ፣ አፋቸውንም ገጠሙ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። ልጄ ከንፈሯን ከፈተች። አገጯ ተንቀጠቀጠ። በሆዴ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

"እኔ..." አለች። ማንም አልረዳትም። "እኔ አልበላሁም።"

አጎት ሳህኑን ብድግ አድርገው እንዳለ ጭኗ ላይ አኖሩላት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ባለቤቴ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ ስስቅም ሳለቅስም ነበርኩ። እውነቷን ነበር፤ በቀሚሱ ደስታ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።